ልጅና ፖኒ በእሽቅድድም ሜዳ፦ የብሪታንያና የአየርላንድ ወጣት ጋላቢዎች ትምህርት ታሪክ

የፖኒ እሽቅድድም ሥልጠና ካምፕ በብሪታንያና በአየርላንድ ልጆች የእሽቅድድም ግልቢያ የሚማሩበት ሥፍራ ነው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከ9 እስከ 15 ዓመት ይሆናቸዋል። ሥልጠናው አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል፤ አንዳንዴም ልጆቹ እዚያው እያደሩ ቀናት ይወስዳል። ፖኒ የሚባለው ከመሬት እስከ ትከሻው ሲለካ ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ነው። በዚህ ልክ ቢለካ የኢትዮጵያ ደገኛ የሚጋልበው አገርኛ ፈረስ አብዛኛው ፖኒ በተባለ ነበር፤ የቁመት ማጠር የጉልበትም የወኔም ማነስ እንዳልሆነ ለዚያ ጋላቢ መንገር አያስፈልግም።

ልጅ ፖኒ ላይ ተፈናጥጦ ሲወዳደር ያየ ሰው ነገሩ ከጥንት የወረደ ልማድ ሊመስለው ይችላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ልጅና ፖኒ በእሽቅድድም ሜዳ ላይ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል እምብዛም አልተገናኙም። ልጆቹ የሚጋልቡት ትልልቁን ፈረስ ነበር፤ ለዚያ የተፈለጉትም ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ ነው። ፖኒዎቹን የሚጋልቡት ደግሞ በአብዛኛው አዋቂዎች ነበሩ፤ ያውም ባላባቱ በማይደርስባቸው ትንንሽ ሜዳዎች። ካምፑ የተወለደው እነዚህ ሁለት መንገዶች ዘግይተው ሲገናኙ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አጫጭር ፈረሶች የሚሮጡበት እሽቅድድም በየገጠር ከተማው ነበር። በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ከደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ የመጣው፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋው የጋሎዌይ ፈረስ ነው። የፈረስ ቁመት የሚለካው በጋት ሲሆን የእንግሊዙ ጋት 4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ረጅሙና አጭሩ ፈረስ በአንድ ሜዳ ተካክለው እንዲወዳደሩ «ስጥና ተቀበል» የሚባል ደንብ ነበራቸው። 14 ጋት የሚደርስ ፈረስ 57 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ ከዚያ ለሚረዝመው በእያንዳንዱ ኢንች ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ይጨመርበታል፣ ለሚያጥረውም በዚያው ልክ ይቀነስለታል። የገጠር ሰው የነበረውን ፈረስ ይዞ እንዲቀርብ ዕድል የሚሰጥ ደንብ ስለነበር ሕዝቡ ወደደው።

መኳንንቱ ግን አልወደዱትም። ፓርላማው በ1740 የፈረስ እሽቅድድም ከልክ በላይ መብዛቱን የሚገታ ሕግ አወጣ። ከኒውማርኬትና ከብላክ ሃምብልተን ሜዳዎች በስተቀር ሽልማቱ ከ50 ፓውንድ ያነሰ እሽቅድድም ሁሉ ተከለከለ። ከዚህም ሌላ ባለ 5 ዓመት ፈረስ 63 ኪሎ ግራም፣ ባለ 7 ዓመቱ 76 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ታዘዘ። ትልቅ ፈረስ ይህን ችሎ ይሮጣል፤ አጭሩ ግን ይህን ጭኖ ፍጥነት አያመጣም። ምክንያቱ ትንንሹ እሽቅድድም ድሃውን ሥራ ያስፈታዋል፣ የፈረሱንም ዘር ያበላሻል የሚል ነበር። የክብደቱ አንቀጽ በ1745 ቢሻርም የሕጉ መንፈስ ጸንቶ ቀረ። በ1750 ገደማ በባላባቶች የተመሠረተው ጆኪ ክለብ የእሽቅድድሙን ዓለም ቀስ በቀስ በእጁ ሲያስገባ፣ ከእሱ ደንብ ውጭ የሚካሄደው ሁሉ እንደ ሕገ ወጥ መታየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በእንዲህ ያለ ሜዳ የጋለበ ጆኪም (ሙያተኛ ጋላቢ) ሆነ የሮጠ ፈረስ ከክለቡ ሜዳዎች ይታገድ ነበር።

በዚሁ ዘመን ለእሽቅድድም ብቻ የሚራባው ቶሮብሬድ የተባለው ዘር ከአባት ወደ ልጅ ቁመት እየጨመረ ሄደ። በ1700 አካባቢ 14 ጋት ገደማ የነበረው ፈረስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ 16 ጋት ተጠጋ። ፈረሱ ሲያድግ የተፈለገው ጋላቢ ግን አነሰ። ምክንያቱ ሐንዲካፕ የሚባለው የእሽቅድድም ዓይነት መስፋፋቱ ነው። በዚህ ዓይነት ውድድር ጠንካራው ፈረስ ብዙ፣ ደካማው ጥቂት ክብደት ስለሚሸከም፣ ከዝርዝሩ ግርጌ የሚመደበው ፈረስ አዋቂ ሰው ሊሆነው የማይችል ክብደት ይደርሰው ነበር። ውርርዱ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ መፍትሔው ልጅ ሆነ። በ1844 የቼስተር ዋንጫን ያሸነፈው ሬድ ዲር የተሸከመው 25 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን፣ ኪቸነር የሚባለው ጋላቢው ልጅ ራሱ 21 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን እንደነበር ይነገራል። ይህ ዛሬ የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ክብደት ነው። ሎርድ ሬድስዴል በ1860 ዝቅተኛውን ክብደት በሕግ ለማሳደግ ረቂቅ ለሎርዶች ምክር ቤት ቢያቀርብም ጆኪ ክለብ ተቃወመውና ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

ልጆቹ ወደ ሙያው የሚገቡት በተለማማጅነት ውል ነበር። ወላጅ ልጁን በ11 ወይም በ12 ዓመቱ ለአንድ አሠልጣኝ ይሰጣል፤ ውሉ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይቆያል። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጋጣ ይጠርጋል፣ ፈረስ ያሻል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከዚያ ለልምምድ ይጋልባል፤ ማደሪያውም ብዙ ጊዜ ከጋጣው በላይ ባለው ቆጥ ነው። የሚያገኘው ምግብ፣ ልብስና እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነበር። ለእሽቅድድም ከተሰለፈ ደግሞ ከግልቢያ ክፍያው ከፊሉን ጌታው ይወስዳል። ከእነዚህ ልጆች ጆኪ የሚሆኑት ጥቂቶች ነበሩ፤ የቀሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋጣ ውስጥ ይሠራሉ ወይም ሰውነታቸው ሲከብድ ያለ ሌላ ሙያ ይበተናሉ።

የዚህ ሥርዓት ታላቅ ፍሬም ታላቅ ጉዳትም በአንድ ሰው ሕይወት ይታያል። ፍሬድ አርቸር በ1857 ተወለደ፤ ያደገው በቼልተናም አጠገብ ፕሬስትበሪ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የመሰናክል እሽቅድድም ጋላቢ ስለነበር ልጁ ገና በሕፃንነቱ ፖኒ ላይ ወጣ። በ11 ዓመቱ ኒውማርኬት ወስደው ለአሠልጣኙ ለማቲው ዶውሰን ሰጡት፤ በ1870 በ13 ዓመቱ አሸነፈ። ከ1874 እስከ 1886 ባሉት 13 ዓመታት ያለማቋረጥ በድል ብዛት የእንግሊዝ ቀዳሚ ጆኪ ሆነ፤ በሕይወቱ 2,748 ጊዜ ድል አድርጓል። በ1885 ብቻ ያገኘው 246 ድል ጎርደን ሪቻርድስ በ1933 እስኪያሻሽለው ድረስ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ችግሩ አርቸር ረጅም መሆኑ ነው፤ ቁመቱ 178 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። በልጅነቱ ለሙያው ያበቃው ቀላልነት በጉልምስናው ከዳው። ክብደት ለመቀነስ በየቀኑ ጥቂት ነገር ብቻ እየቀመሰ፣ እንፋሎት ቤት እየተቀመጠና ሆድ የሚያጥብ ጠንካራ መድኃኒት እየጠጣ ሰውነቱን ጨረሰው። በ1884 ባለቤቱ በወሊድ ሞተችበት። በ1886 መጸው የካምብሪጅሻየርን እሽቅድድም ለመጋለብ ሰውነቱን 54 ኪሎ ግራም ገደማ አወረደ፤ በፈረስ ራስ ልክ ተቀደመ። ወዲያው ትኩሳት ያዘው፤ ኅዳር ላይ በ29 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። እንግሊዝ ታላቅ ሐዘን ተቀመጠች፤ ልጅን ገና ሳያድግ ለክብደቱ ሲል የሚመለምለው ሥርዓት ግን አልተለወጠም። በ1909 የእንግሊዝ ቀዳሚ ጆኪ የሆነው አውስትራሊያዊው ፍራንክ ዉተን 15 ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ገና 10 ዓመት ሳይሞላው ነው።

ቀላል ልጅ ፈልጎ ከባድ አደጋ ላይ ማስቀመጥ የእንግሊዝ ብቻ በሽታ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግመል እሽቅድድም ከባንግላዴሽ፣ ከፓኪስታንና ከሱዳን የመጡ ሕፃናት ለብዙ ዓመታት ይጋልቡ ነበር። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ18 ዓመት በታች ያሉ ጋላቢዎችን በሕግ የከለከለችው በ2005 ነው፤ በዩኒሴፍ እገዛም ከ1,000 በላይ ሕፃናት ወደየአገራቸው ተመለሱ። በግመሎቹ ጀርባ ላይ የልጆቹን ቦታ ትንንሽ ሮቦቶች ያዙት።

ወደ ፖኒዎቹ ስንመለስ፣ 1929 ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ፖኒን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች በእንግሊዝ ተጀመሩ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

አንደኛው በምዕራብ ለንደን የተከፈተው የኖርትሆልት ፓርክ ሜዳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቋቋመው የፖኒ ተርፍ ክለብ ከ15 ጋት የማይበልጡ ፈረሶች የሚወዳደሩበትን ስፖርት ከሕገ ወጥነት ስም ሊያወጣው ፈልጎ ነበር፤ ኖርትሆልትም የዚህ ምኞት ማእከል ሆነ። ዘመናዊ የተመልካች መቀመጫ፣ የውርርድ ማሽን፣ በድምፅ ማጉያ የሚተላለፍ የውድድር ዘገባ ነበረው፤ የራሱን ደርቢም (የዓመቱን ታላቅ ውድድር) ያካሂድ ነበር። የለንደን ሠራተኛ በባቡር ሄዶ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፍበት ቦታ ሆነ። ሆኖም የሚጋልቡት ሙያተኞች፣ የሚያዩትም ቁማር የሚጫወቱ አዋቂዎች ነበሩ፤ የፖኒ ሜዳ ይባል እንጂ የልጆች አልነበረም። በ1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተዘጋና ዳግም አልተከፈተም፤ ዛሬ በመሬቱ ላይ የመኖሪያ ሠፈር ተሠርቶበታል። በአውስትራሊያ ሲድኒም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ ኬንሲንግተን፣ ሮዝበሪ፣ አስኮትና ቪክቶሪያ ፓርክ የተባሉት የፖኒ ሜዳዎች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕዝብ ያጥለቀለቃቸው ነበር። ኬንሲንግተን በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አስኮት በአውሮፕላን ማረፊያው ተዋጠ።

ሁለተኛው በዚሁ ዓመት የተመሠረተው ፖኒ ክለብ ነው። ይህ የልጆች ማኅበር ሲሆን ዓላማው እሽቅድድም ሳይሆን ልጆች በሥርዓት እንዲጋልቡና ፈረስ መንከባከብ እንዲማሩ ነበር። የክለቡ ቅርንጫፎች በየወረዳው ተስፋፉ፤ ከጦርነቱ በኋላም ይበልጥ አደጉ። ክለቡ ለኋለኛው ዘመን ያወረሰው ትልቁ ነገር የበጋ ካምፕ ነው። ልጆቹ ከነፖኒዎቻቸው ለአንድ ሳምንት ገደማ በአንድ የእርሻ ቦታ ይሰፍራሉ። ጠዋት ጋጣ ያጸዳሉ፣ ፖኒውን ያበላሉ፣ ጋማና ጭራ ያበጥራሉ፣ ኮቴ ይፍቃሉ። ከዚያ ኮርቻና ልጓም ተወልውሎ ለፍተሻ ይቀርባል፤ ከእርካብ ማንጠልጠያው ሥር የቀረ ላብ ነጥብ ያስቀንሳል። ግልቢያው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጋጣ መጥረግና ፈረስ ማሸት የተለማማጁም ልጅ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን በውል የታሰረው ልጅ ይህን የሚያደርገው ለጌታው ፈረስ ነው፣ የካምፑ ልጅ ግን ለራሱ፤ ወደ ወላጆቹም የሚመለስበት ቀን የተቆረጠ ነው። ልጅ ከፈረስ የሚማረውን ትዕግሥትና ኃላፊነት ልጅነቱን ሳይነጥቁ ማስተማር እንደሚቻል ፖኒ ክለብ አሳየ።

ክለቡ ሌላም በር ከፈተ። በእሽቅድድም ጋጣ ለልጃገረድ ቦታ አልነበረም፤ በፖኒ ካምፕ ግን ከመጀመሪያው ሴቶች ልጆች ነበሩ፣ ብዙም ሳይቆይ በቁጥር በለጡ። ጆኪ ክለብ ሴቶች በሕጋዊ እሽቅድድም እንዲጋልቡ የፈቀደው በ1972 ነው፤ በዚያ ዓመት ግንቦት በኬምፕተን የተደረገውን የመጀመሪያ የሴቶች ውድድር ሜሪየል ታፍነል ስኮርችድ ኧርዝ በተባለ ፈረስ አሸነፈች። ሻርሎት ብሩ ግራንድ ናሽናል በተባለው ታላቅ የመሰናክል እሽቅድድም የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ደግሞ በ1977 ነው።

የተለማማጅነት ውል ግን እስከ 1970ዎቹ ዘለቀ። ሌስተር ፒጎት፣ ከአሠልጣኝና ከጆኪ ዘር የተወለደው ልጅ፣ በ1948 ዘ ቼዝ በተባለች ፈረስ ሃይዶክ ላይ ሲያሸንፍ 12 ዓመቱ ነበር፤ በ18 ዓመቱ ደርቢ የተባለውን ታላቅ የእንግሊዝ ውድድር አሸነፈ፣ በሕይወቱም ዘጠኝ ጊዜ። የመጨረሻው ታላቅ የተለማማጆች ቤት በፕሬስትበሪ የነበረው የአሠልጣኙ የፍሬንቺ ኒኮልሰን ቤት ነው። ፓት ኤደሪ፣ በኋላ 11 ጊዜ ቀዳሚ ጆኪ የሆነው፣ ከዚያ ወጣ፤ በ1981 ሸርጋር የተባለውን ፈረስ ጋልቦ በ19 ዓመቱ ደርቢን ያሸነፈው ዎልተር ስዊንበርንም እንዲሁ። ኒኮልሰን ልጆቹን የሚያስተምረው ግልቢያን ብቻ አልነበረም፤ ሰውን አክብሮ ማናገርን፣ ልብስን መጠበቅን ጭምር እንጂ፤ ስለዚህ ቤቱ ከሌሎቹ ይልቅ ትምህርት ቤት ይመስል ነበር። ያም ሆኖ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። የግዴታ ትምህርት ዕድሜ በ1947 ወደ 15፣ በ1972 ወደ 16 ከፍ ሲል የ12 ዓመት ልጅ በውል ማሰር የማይቻል ሆነ። በ1975 የኒውማርኬት የጋጣ ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቁመው ሜዳው ድረስ ወጡ፤ አሮጌው ሥርዓት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ቦታውን የያዙት ትምህርት ቤቶች ናቸው። አየርላንድ በ1973 በኪልዴር ግዛት፣ በከራ ሜዳ አጠገብ፣ የጆኪዎች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ጆኒ ሙርታ ከዚያ የወጣ ነው። በኒውማርኬት የብሪታንያ የእሽቅድድም ትምህርት ቤት በ1983፣ በዶንካስተር አጠገብ ደግሞ የሰሜኑ ኮሌጅ በ1984 ተከፈተ። እነዚህ ግን በአብዛኛው የሚቀበሉት 16 ዓመት የሞላውን ነው፤ በብሪታንያ ፈቃድ ይዞ ለመጋለብም ዝቅተኛው ዕድሜ ይኸው ነው። ልጆችን ከአደጋ የጠበቀው ሕግ ሌላ ክፍተት ፈጠረ። በሩጫ ላይ ፍጥነትን መመጠን፣ በብዙ ፈረሶች መካከል ክፍተትን ማየት፣ ፈረስ መቼ እንደደከመ ከትንፋሹ ማወቅ እንደ ቋንቋ ሁሉ በልጅነት የሚቀሰም ነው፤ በ16 ዓመቱ የሚጀምር ልጅ ይዘገያል።

አየርላንዶች ይህን ክፍተት በቆየ ልማዳቸው ሞሉት። በደቡብና በምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች የፖኒ እሽቅድድም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በባሕር ዳር አሸዋና በገበሬ ማሳ ላይ ይካሄዳል። በኬሪ ግዛት የሚገኘው የሮስቤይ ባሕር ዳርና በዲንግል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የባሊንታጋርት ሜዳ ከታወቁት ናቸው፤ የዲንግሉ በነሐሴ ወር ለሦስት ቀናት ሲካሄድ አገሬው ሁሉ ይወጣል። ከሕጋዊው እሽቅድድም ውጭ ስለነበር ለረጅም ጊዜ በበጎ ዓይን አልታየም። ጥቅሙ ግን አይካድም፤ አንድ የአየርላንድ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው መቶ ያህል ውድድር ጋልቦ ሊሆን ይችላል። አድሪያን ማጓየር፣ የዲንግሉ ልጅ ጃክ ኬኔዲ፣ የቼልተናምን ወርቅ ዋንጫ ደጋግሞ ያሸነፈው ፖል ታውንኤንድ ሁሉም ከፖኒ ሜዳ የመጡ ናቸው። በቲፐሬሪ በወተት ላም እርሻ ያደገችው ሬቸል ብላክሞር በ13 ዓመቷ በኮርክ ግዛት በተደረገ የፖኒ ውድድር ስታሸንፍ ከቀደመቻቸው አንዱ ይኸው ታውንኤንድ ነበር። በሚያዝያ 2021 ሚኔላ ታይምስ በተባለ ፈረስ ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እንግሊዞች የአየርላንድ ወጣቶች የበሰሉ ሆነው ሲመጡ እያዩ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አሥር ዓመታት የራሳቸውን የልጆች ፖኒ እሽቅድድም በሥርዓት አቋቋሙ። ፖኒ ክለብና የእሽቅድድሙ ባለ ሥልጣናት ተባብረው የሚቆጣጠረው አካል ተፈጠረ። ውድድሮቹ በቁመት ተከፋፈሉ፤ አንዱ ጎራ እስከ 138፣ ሌላው እስከ 148 ሳንቲ ሜትር ለሚደርሱ ፖኒዎች ነው። የሚካሄዱትም የአደን ክበቦች በሚያዘጋጁት የአማተር እሽቅድድም ቀን ወይም በትልልቁ ሜዳ ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ነው። በዚህም ከ1740 ጀምሮ ከባላባቱ ሜዳ የተባረረው አጭር ፈረስ በልጆች እጅ ተመልሶ ገባ። ውርርድ የለበትም፤ ልጅም ሳይሠለጥን አይሰለፍም። ካምፑ የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በካምፑ የሚሰጠው ትምህርት መሠረቱ የአቀማመጥ ለውጥ ነው። ፖኒ ክለብ ያስተማረው ልጅ እግሩን አርዝሞ ኮርቻው ላይ ተደላድሎ መቀመጥ ለምዷል። እዚህ እርካቡ ያጥርለታል፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀመጫውን ከኮርቻው አንሥቶ፣ ክብደቱን በእግሩ መዳፍ ላይ ያሳርፋል። ይህ አቀማመጥ ራሱ ታሪክ አለው። በ1895 እንግሊዝ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ዊሊ ሲምስ በአጭር እርካብ ሲጋልብ ተመልካቹ ተሳለቀበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቶድ ስሎን በዚሁ አኳኋን ደጋግሞ ሲያሸንፍ እንግሊዞች ተከተሉት። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አቀማመጡ ሲለወጥ የእሽቅድድም ሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ መሻሻሉን አሳይቷል። ምክንያቱ ጋላቢው ጉልበቱን እንደ ሞላ ተጠቅሞ ገላውን ስለሚያረጋጋው ፈረሱ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውየውን ክብደት ወደ ላይና ወደ ታች ከማንሣት ይድናል። ለልጅ ግን ይህ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሜካኒክ ፈረስ ይወሰዳል፤ መስተዋት ፊት ለፊት ቆሞለት አጎንብሶ ሲጋልብ ጭኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ገላን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ያለ ወንበር መቀመጥ የመሳሰሉ የጥንካሬ ልምምዶች ይታዘዛሉ።

ሁለተኛው ትምህርት የዛብ አያያዝ ነው። ልጁ የግራና የቀኙን ዛብ አንዱን በሌላው ላይ አነባብሮ በሁለት እጁ ይይዘዋል፤ በመዳፎቹ መካከል አጭር ድልድይ ይሠራል። ድልድዩን ከፖኒው አንገት ላይ፣ ከትከሻው ፊት ያሳርፈዋል። ፖኒው ራሱን አስግጎ ሲጎትት የሚታገለው ከራሱ አንገት ጋር ነው፤ የልጁ ክንድ አይደክምም። ፖኒው ቢደናቀፍም ድልድዩ አንገቱን ይዞ ልጁን ይደግፈዋል። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ 300 ኪሎ ግራም የሚደርስ እንስሳ በሙሉ ግልቢያ ሊቆጣጠር የሚችለው በዚህ ብልሃት እንጂ በጉልበት አይደለም።

ከዚያ ሜዳ ይወጣል። ልጆቹ በሶምሶማ ይጀምሩና ጥንድ ጥንድ፣ ኋላም ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ይጋልባሉ። እርካብ ከእርካብ ሊነካካ እስኪደርስ ተጠጋግቶ፣ መስመር ሳይለቁ መሄድ፤ ወደ ጎን ከመሻገር በፊት በትከሻ በኩል ወደ ኋላ ማየት፤ መጨረሻውን ካለፉ በኋላ ድንገት ሳይቆሙ ቀስ በቀስ ማብረድ፤ አሠልጣኙ ደጋግሞ የሚጮኸው ስለ እነዚህ ነው። የፖኒ ውድድር በመነሻ ሣጥን ሳይሆን በባንዲራ ስለሚጀመር፣ ተሰልፎ በእርምጃ መቅረብና ባንዲራው እስኪወርድ ፖኒውን ማረጋጋት ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ኮርቻ ታቅፎ ሚዛን ላይ መቆምም፣ ሜዳውን በእግር እየዞሩ የለሰለሰውንና የጠነከረውን መሬት መለየትም ይለመዳል። ሄልሜትና የጀርባ መከላከያ ያልለበሰ ልጅ ፖኒ ላይ አይወጣም። ስለ አመጋገብ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ከአርቸር ዘመን የተገኘ መራራ ውርስ አለው፤ ዛሬ ልጆቹ የሚነገራቸው መብላት እንዳለባቸው፣ ሰውነታቸው እያደገ እንደሆነና እድገትን በረኃብ መግታት እንደማይገባ ነው።

ከብሪታንያ የፖኒ ሜዳ የወጡት ልጆች ውጤት መታየት የጀመረው በ2010ዎቹ ነው። ሆሊ ዶይል የመጀመሪያውን የፖኒ ውድድር የጋለበችው በ9 ዓመቷ ነበር፤ በ2013 በሶልስበሪ የመጀመሪያ ሕጋዊ ድሏን አገኘች፣ በ2020 በአንድ ዓመት 151 ጊዜ በማሸነፍ የብሪታንያ ሴት ጆኪዎችን ክብረ ወሰን ሰበረች፣ በ2022 ደግሞ ናሽዋ የተባለችውን ፈረስ ጋልባ በፈረንሳይ ፕሪ ደ ዲያን የተባለውን ውድድር አሸነፈች። ባሏ ቶም ማርኳንድም የፖኒ ሜዳ ልጅ ነው፤ በ2015 ከተለማማጅ ጆኪዎች አንደኛ ወጣ፣ በ2020 ሴንት ለጀር የተባለውን ውድድር አሸነፈ። ብዙዎቹ ልጆች ግን ይህን መንገድ አይከተሉም። የከበዱት ወደ መሰናክሉ እሽቅድድም ያደላሉ፤ እዚያ ዝቅተኛው ክብደት 64 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ቁመት ያን ያህል አይጎዳም። ሌሎቹ ጋጣ ውስጥ ይሠራሉ፣ አሠልጣኝ ወይም የእንስሳት ሐኪም ይሆናሉ፣ ወይም ግልቢያውን ለደስታ ብቻ ይይዙታል።

ያልተፈታው ጉዳይ የፖኒው ዋጋ ነው። ፖኒ መግዛት፣ መቀለብና በመኪና ማጓጓዝ የሚችል ቤተሰብ ሁልጊዜ ጥቂት ነው፤ ካምፑም ለረጅም ጊዜ የገጠር ባለ እርሻ ልጆች ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ መልስ ከሰጡት አንዱ በ1996 በደቡብ ለንደን የተመሠረተው የኤቦኒ ፈረሰኞች ክበብ ነው፤ በ2011 በብሪክስተን የራሱን ጋጣና ሜዳ ከፍቶ የሠፈሩን ልጆች ያስተምራል። ከዚህ ክበብ የወጣችው ኸዲጃ መላህ በ2019 በእሽቅድድም ፈረስ ላይ ከወጣች ከጥቂት ወራት በኋላ በ18 ዓመቷ በጉድዉድ የማግኖሊያ ዋንጫን አሸነፈች፤ በብሪታንያ ሒጃብ ለብሳ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ጆኪም እሷ ናት። ድሏን ተከትሎ በ2021 በኒውማርኬቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ከ14 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው፣ ከእሽቅድድሙ ዓለም ርቀው ላደጉ ወጣቶች ነጻ የሥልጠና መርሐ ግብር ተጀመረ። ተማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት እዚያው እያደሩ ይጋልባሉ፣ ጋጣ ይሠራሉ፣ ሜካኒክ ፈረሱ ላይ ይለማመዳሉ፤ ፈረሱን የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው።